«የወንድሜ ልጆች ጀሪካን አያውቁም»

ትናንት ወጥ ቤት ሆኜ ጎመን እየከተፍኩ ሳለ፣ ሳሎን ከተከፈተው ቴሌቪዥን «ሰዓትዎን ጨርሰዋል፤ ወደ ሌላኛው ተከራካሪ እንለፍ» የሚል የአወያይ ድምፅ ሰማሁ። ለስላሳ፣ ጨዋ፣ ለማንም የማያዳላ የሚመስል ድምፅ ነበር። እኔ ግን ቢላውን አስቀምጬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ይህን ቃል በሰማሁት ቁጥር ሆሳዕና ወዳለው የልጅነት ቤቴ ይመልሰኝና የዚያን ጊዜውን ቁጣ እንደ አዲስ ይቀሰቅስብኛል። የልጅነት ቁጣ ከዕድሜ ጋር ይበርዳል ይላሉ፤ የእኔ አልበረደም።

ቤታችን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ክረምት ጭቃው ጫማ የሚያስቀርበት ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ሃንዲሶ የአንደኛ ደረጃ መምህር ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» እያለ ይጠራው ነበር። እናቴ የዱራሜ ልጅ ናት። አባቴ ከዘመዶቹ ጋር በሀዲይኛ፣ እናቴ ከእህቶቿ ጋር በከምባትኛ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ደግሞ በአማርኛ ይነጋገሩ ነበር። እናቴ ስትናደድ ግን አማርኛው ይጠፋባትና ወደ ከምባትኛዋ ትመለስ ነበር፤ ያንን ስንሰማ እኔና ታላቅ እህቴ አማረች ተጠቃቅሰን ቀስ ብለን ከቤት እንወጣ ነበር።

በበጋ፣ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ፣ ግቢያችን ውስጥ የተተከለው ቧንቧ ጌጥ ነበር። አንዳንዴ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ፉ ብሎ አየር ያወጣና መልሶ ዝም ይላል። ውኃ የሚገኘው ከሰፈሩ ቁልቁል ከሚወረድበት ምንጭ ብቻ ስለነበር፣ ሴት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ልጁን ገና ሳይነጋ ጀሪካን አሸክሞ ይሰዳት ነበር። እኔ ትንሿን እይዛለሁ፤ አማረች ትልቁን በገመድ አድርጋ በጀርባዋ ታዝላለች። ከምንጩ ስንመለስ ቀሚሳችን ከወገባችን በታች ርሶ፣ ክፍል ገብተን እስኪደርቅ ድረስ አግዳሚው ላይ ተጣብቀን እንቀመጥ ነበር።

አገር አቀፍ ምርጫ በነበረበት ዓመት፣ የካቲት ላይ አማረች ያንን ዳገት ስትወጣ አዳለጣትና ከነጀሪካኑ ወደቀች። ክርኗ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር አስሮ ቢያቆየውም እጇ ቀጥ ብሎ አልገጠመም፤ ዛሬም ሙሉ ለሙሉ አይዘረጋም። ልጅቷ ጎበዝ ጸሐፊ ነበረች፤ የተሰበረው ደግሞ ቀኝ እጇ ነው።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ዮሐንስ ሊጠይቃት መጣ። አጎቴን ያሳደገው አባቴ ነው፤ አያታችን ቀድሞ ስለሞተ አባቴ ራሱ ገና ተማሪ እያለ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ፣ ፊደል አስቆጥሮ፣ እስከ ኮሌጅ አድርሶታል። አጎቴም ውኃ የቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው። ያኔ ግን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ክራቫት አስሮ፣ ለምርጫ የቀረበ እጩ ነበር። አማረች አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለና የታሰረ እጇን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። እንባውን በዓይኔ አይቻለሁ።

«የእኔ እመቤት፣ ይኼን ነገር ዝም አልልም» አላት። «ቴሌቪዥን ላይ ለክርክር እቀርባለሁ። ስለዚህች ምንጭ ለአገሩ ሁሉ እናገራለሁ።»

አማረች ያንን ቃል ትምህርት ቤት ይዛ ሄዳ ለሁሉም ነገረች። «አጎቴ ስለ እኔ እጅ በቴሌቪዥን ሊናገር ነው» እያለች፣ የታሰረውን እጇን እንደ ሽልማት ከፍ አድርጋ ታሳይ ነበር።

በልጉ መጣል ሲጀምር የክርክሩ ቀን ደረሰ። እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። እናቴ ለትልቅ እንግዳ ብቻ የምትሠራውን፣ ቡላው ከቅቤና ከወተት ጋር ተገንፍቶ የሚቀርበውን አተካና ሠርታ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ከሸዋ መጥተው ፍርድ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። አባቴ ሙሉ ልብሱን ሳይቀይር፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ እንደ ሙሽራ አባት ተቀምጦ ነበር። አማረችን ከጎኑ አስቀመጣት። አጎቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ሲል አክስቶቼ እልል አሉ፤ እናቴም «ኮቱ አምሮበታል» ብላ ሳቀች።

ክርክሩ ስለ ልማት ነበር። ተከራካሪዎቹ አብዛኛውን ሰዓት ያጠፉት ማን ከማን ጋር አብሮ እንደነበር፣ የማን አባት ለማን መሬት እንደሰጠ፣ የማን ድርጅት ከማን ድርጅት እንደተገነጠለ እየተነታረኩ ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው ወረቀት ያገላብጣል፣ ፈገግ ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል። መጨረሻ ላይ ተቃዋሚው ወደ አጎቴ ዞሮ «እርስዎ ከሆሳዕና ነው የመጡት። እስኪ በትውልድ ከተማዎ ውኃ አለ ወይ?» አለው።

አማረች ወደ ፊት ተጠጋች። አባቴ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

አጎቴ ፈገግ አለ። «ወንድሜ፣ ከተማችንን ከጎበኙ ብዙ ጊዜ ሆኖዎታል መሰለኝ» አለ። «ዛሬ የሆሳዕና ሕዝብ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቧንቧ ከፍቶ ነው የሚጠጣው። ሩቅ ልሂድ? የወንድሜ ልጆች ጀሪካን ተሸክመው አያውቁም። ምንጭ ምን እንደሚመስልም አያውቁም።»

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች አጨበጨቡ። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም። ጠያቂው ሰውዬ ማስረጃ አልጠየቀም፣ «ውሸት ነው» አላለም፤ ጥያቄውን ያነሳው መልሱን ፈልጎ አልነበረማ። ወረቀቱን ገለጠና ተመልሶ የዛሬ ስንት ዓመት ማን ማንን እንደከዳ መተረኩን ቀጠለ። የእኛ ውኃ ለአንዱ መኩሪያ፣ ለሌላው መሸጋገሪያ ሆና አለፈች። አወያዩም «ሰዓትዎን ጨርሰዋል» አለ።

አማረች ፊቷን ቀሚሷ ውስጥ ቀበረች። እናቴ ብድግ ብላ በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ቃሉን እዚህ መጻፍ አልችልም። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው!» አላት አባቴ። ያን ያህል ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እሰማዋለሁ!»

ጋሽ ተፈራ ሊያበርዱት ሞከሩ። «ቲቸር፣ ክርክር እኮ ነው። ሰው ሲከራከር የማይለው የለም።»

«ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ፍርድ ቤት ሠርተዋል» አለ አባቴ። «ምስክር ሆኖ እንዲህ ቢናገር ምን ይሉት ነበር? ዳኛ ፊት ሲዋሽ ወንጀል፣ ሕዝብ ፊት ሲዋሽ ክርክር ነው? ያኛው ተከራካሪስ! አንድ ጊዜ እንኳ ‹እንሂድና እንየው› የሚል ሰው ይጠፋል?» ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ፣ ሊሰማው የማይችለውን ወንድሙን በስሙ ጠራው። «ዮሐንስ! ይቺን ልጅ አቅፈህ ያለቀስከው በምን ምክንያት ነበር?»

እንግዶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱ። አተካናው በጣባው ውስጥ እንደሞላ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ምንጩ ላይ የሆነውን ግን አባቴም አልጠበቀውም። ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ፣ ከኋላችን የነበረች ሴትዮ የእኔን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አድርጋ «እናንተ ቤት ቧንቧ አለ አይደል? አጎታችሁ በቴሌቪዥን ተናግሯል። ከእኛ ከደሃዎቹ ጋር ምን ታደርጋላችሁ?» አለችን። ሌሎቹ ሳቁ። አማረች በአንድ እጇ ጀሪካኑን ልትመልስ ስትታገል ሌላዋ ደግሞ ገመዱን ነጠቀቻት። ባዶ እጃችንን ተመለስን። ትምህርት ቤትም ስሟ ተቀየረ፤ «ቧንቧዬ» ይሏት ነበር። ያ ሁሉ የደረሰባት በአጎታችን ቃል ተማምና ለሰው በመናገሯ ነው።

አባቴ ይህን ማታ ሰማ። በነጋታው ሸሚዙንና ኮቱን ለብሶ፣ ትልቁን ጀሪካን አንስቶ ወደ ምንጩ ወረደ። በእኛ ሰፈር ወንድ ልጅ፣ ያውም መምህር፣ ውኃ ሲቀዳ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሴቶቹ ደንግጠው «ቲቸር፣ ኧረ ይቅደሙ!» እያሉ መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

«አልቀድምም። እኔ ቤት ቧንቧው ውኃ የለውም» አለ ጮክ ብሎ። «ወንድሜ ዋሽቷል። ከልጆቼ ጋር የምትጣሉት በእሱ ውሸት ከሆነ፣ ከእኔ ጋር ተጣሉ፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

ያቺ ገመድ የነጠቀች ሴትዮ ሻርፗን በአፏ ላይ ሳበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በየማለዳው እየወረደ ይቀዳ ነበር፤ ተማሪዎቹ እያዩት፣ ባልደረቦቹ እየሳቁበት፣ ጀርባው ላይ ያለው ኮት ከጀሪካኑ በሚንጠባጠብ ውኃ ጠቁሮ ክፍል ይገባ ነበር። «ወንድምህን በሰው ፊት አታዋርድ» ብለው ሽማግሌዎች ሲመጡበትም «እሱ ልጄን በአገር ፊት ሲያዋርድ የት ነበራችሁ?» ብሎ መለሳቸው።

ክረምቱ ገባ፤ የጣሪያችን ውኃ በርሜሉን ሞላው፤ አጎቴም አሸነፈ። መስከረም ጠብቶ መስቀል ሲደርስ በመኪና መጣ። እኛ ጴንጤዎች ብንሆንም መስቀል ለእኛ ዘመድ ሁሉ ከያለበት የሚሰበሰብበት ነው። ለአማረች የሚያምር የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ለእኔ ጫማ ይዞ መጥቶ ነበር። ክትፎው በኮባ ቅጠል ላይ ቀርቦ፣ ሁሉም የአባቴን ጸሎት እየጠበቀ ሳለ አባቴ ዓይኑን ሳይጨፍን ተናገረ።

«ዮሐንስ፣ ከመብላታችን በፊት ይቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቃት።»

አጎቴ ሳቅ አለ፤ ዙሪያውን አየ፤ ማንም አልሳቀለትም። «ጋሼ፣ ፖለቲካ እኮ ነው። እንደዚያ ባልመልስ ኖሮ ያ ሰውዬ አፉን ሞልቶ ይናገርብኝ ነበር። አሁን ወንበሩን ይዣለሁ፤ ውኃውንም አመጣለሁ።»

«ስለ ውኃው አልጠየቅኩህም።»

«በልጅ ፊት፣ በዘመድ ፊት እንደዚህ ታደርገኛለህ? ማን እንደሆንኩ ረሳኸው?»

ያን ጊዜ አማረች ተነሳች። ቦርሳውን በደህና እጇ ይዛ ሄዳ አጎቴ እግር ሥር አስቀመጠችው። አልጮኸችም። «አጎቴ፣ እጄን አይተኸው ነበር እኮ» አለችው።

አጎቴን ፊቱ ሲቀላ፣ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት፤ አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። እሱ ግን የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ፣ ሳይበላ ወጣ። አክስቶቼ አለቀሱ። አባቴ ጸለየ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ምግቡን ባረከ፤ በላን።

ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ በለቅሶ ቤት ሲገናኙ እጅ ለእጅ ይጨባበጡ ነበር፤ አንድ ማዕድ ላይ ግን ዳግም አልተቀመጡም። አጎቴ ወንበሩን በጊዜው ለሌላ አስረከበ፤ ውኃውንም አላመጣም። ቧንቧው የመጣው እኛ ካደግን በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ይመጣል፣ ይሄዳል። አማረች በግራ እጇ መጻፍ ተምራ መምህርት ሆነች፤ ዱራሜ ትኖራለች። አባቴ ሲሞት አጎቴ መጥቶ ከሬሳው ሳጥን አጠገብ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ አለቀሰ። አማረች አጠገቡ ቆማ ነበር። ያን ቀንም ይቅርታ አልጠየቃትም።

ትናንት ወደ ሳሎን ስመለስ የተከራካሪዎቹ ጠረጴዛ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ከኋላቸው የከተሞቻችን ፎቶ በቀለም ያሸበረቀ ነበር፤ አንዱም በአባቴ ቤት ያየሁትን ያንኑ የአጎቴን ፈገግታ ፈገግ ብሎ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ውሸት ሲናገር ደረስኩ። ሌላኛውም ሳይጠይቀው አለፈ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጄ ስልኳ ላይ ተደፍታ ያንን ንግግር ቆርጣ፣ የሚያስቅ ድምፅ አድርጋበት ለጓደኞቿ ላከች። የኔን ፊት አይታ «እማ፣ ምን ያናድድሻል? ሁሉም ይዋሻሉ እኮ» አለችኝ።

በእኛ ቤት አንድ ውሸት ሁለት ወንድማማቾችን ለዕድሜ ልክ ለያየ። አባቴ ያንን ቁጣ ሰፈሩ በሞላበት ክፍል ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ስም እየጠራ ነበር የተቆጣው፤ ወደ ምንጩም ወርዶ በሰው ፊት ቆሞበታል። እኔ ትናንት መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋሁ፤ የጎረቤቱ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ድምፄን ቀነስኩ፤ ከዚያ ነው የተቆጣሁት።