ደግፌ ቀድሞ የሚገባበት መስመር

አስቴርን ላውራችሁ። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከእኔ አጥር ማዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ የጨንቻ ኦርቶዶክስ፤ በዚህ ስንነታረክ ነው የኖርነው። ጉሊት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ ሙዝ እንሸጣለን። እሷ እየደረደረች ስትዘምር «አስቱ፣ ሰዉ እኮ ሙዝ ሊገዛ ነው እንጂ ሊድን አልመጣም» እላታለሁ። «አንቺ ብቻ ከዳንሽልኝ ይበቃኛል» ትለኛለች።

በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር የምታወጣው እሷ ናት። ልቅሶ ቤት ሲኬድማ ያለ እሷ አይሆንም። እነሱ ዘንድ ሙሾ የለም፤ መዘምራኑ ድንኳን ውስጥ ቆመው ይዘምራሉ፣ አስቴር መስመሩን ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ድምፁን ከፍ አድርገው ከጀመሩት ሰዉ ሳግ ይይዘውና መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። እሷ ያለቀሰ ጉሮሮ የሚችለው ቦታ ላይ፣ ዝቅ አድርጋ ነው የምትጀምረው። ራሷ ናት የነገረችኝ፤ እኔ ስለ ድምፅ ምን አውቄ።

ባሏ ደግፌ ግን ለመዝሙር አልተፈጠረም። ሁለት ጊዜ መዘምራን ልግባ ብሎ ሁለት ጊዜ መልሰውታል። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ሆኖ ይቀበላል፣ ሲቀበልም ይቸኩላል። አንድ የሚወደው መዝሙር ነበር። አስቴር «በጨለማው ሸለቆ ብሄድ» ስትል፣ አፏን ሳትገጥም እሱ «አንተ ከእኔ ጋር ነህ» ብሎ ብቻውን ይገባል፣ ያንን ጎርናና ድምፁን ይዞ። ጉባኤው ቆይቶ ይደርስበታል። ቤታቸው ሲዘምሩም እንዲሁ ነው፤ ከአጥር ወዲህ ሆኜ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። መጀመሪያ ትቆጣው ነበር። ኋላ ተወችው፣ ጭራሽ እዚያች ቦታ ላይ እሱ እስኪገባ ትጠብቀው ጀመር። መዘምራኑም ለመዱት።

ባለፈው ግንቦት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ደግፌ የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ወደ ኢሱዙው ሲሄድ ወደቀ። አልተነሣም። ልቡ ነው አሉ።

አስቴር አላለቀሰችም። ሬሳው ሲመጣ ጫማውን አወለቀችለት፣ ጭቃውን አራገፈችና በር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ የሐዘን ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ቀብር ሄደች፣ መጣች፣ ተቀመጠች። አልተናገረችም፣ እህል አልቀመሰችም። ውሃ ሲሰጧት ትጎነጫለች፣ ብርጭቆውን ካልተቀበሏት ይዛው ትውላለች። ልጇ ዕድላዊት ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጥታ «እትዬ ሻሺቱ፣ እማዬ እኔንም ያወቀችኝ አይመስለኝም» አለችኝ። ምዕራብ ዓባያ አንዲት ዘመዴ አለች፤ ባሏ ሲሞት እንዲህ ዝም አለች፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ናት። አስቱም እንደሷ ልትቀርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ተናደድኩም፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መዘምራኑ መጡ። ቆሙና እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አውጪዋ ዛሬ ሐዘንተኛ ናት፣ ሌላ አውጪ ደግሞ ማንም አላሰበም። መሪያቸው ሲላስ ራሱ ጀመረው፣ ያንኑ የደግፌን መዝሙር። ከፍ አድርጎ ጀመረው። እኔ እንኳ አወቅሁት። ሁለተኛው መስመር ላይ የሴቶቹ ድምፅ ተቆረጠ፣ ሦስተኛው ላይ ሲላስም ቀረ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

ከፍራሹ በኩል ድምፅ መጣ። አስቴር ናት። ቀና እንኳ ሳትል ከመጀመሪያው ጀመረችው፣ ዝቅ አድርጋ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። የተጣመመ ምንጣፍ ሲያዩ እጅ ዝም ብሎ እንደሚያቃናው ነው። በኋላ ስጠይቃት «ምንም አልተሰማኝም ሻሼ፤ መዝሙሩ ሲወድቅባቸው ዝም ማለት አቃተኝ» ነው ያለችኝ።

መዘምራኑ እየተቀበሏት ቀጠለች። «በጨለማው ሸለቆ ብሄድ» አለችና ጠበቀች።

መዘምራኑም ጠበቁ። ስንት ዓመት እሱ ቀድሞ እየገባ ነው እነሱ የሚከተሉት። ማንም አልገባም። አስቴር ግን ትጠብቃለች፣ ዓይኗን ፍራሹ ላይ ተክላ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። «አንተ ከእኔ ጋር ነህ» አልኩ፣ እኔ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላ የተቀመጥኩት ሴትዮ፣ በሻካራ ድምፄ፣ ብቻዬን።

አስቴር ቀና አለች። እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ከእኔ ጀርባ ሰው ፈለገች።

«የለም እንዴ?» አለች።

«የለም፣ አስቱ» አልኳት።

ያኔ አለቀሰች። ዕድላዊት ሄዳ እቅፏ ውስጥ ገባች። መዘምራኑ ዝም አላሉም፣ መስመሩን አንሥተው ዝቅ ባለው ድምፅ እስከ መጨረሻው ዘመሩላት። ማምሻውን በሽፈራው ቅጠል የሠራሁትን የበቆሎ ድቡልቡል፣ ኩርኩፋ፣ አቀረብኩላት፣ ሦስት ጊዜ ጎረሰች።

አሁን ስምንት ወር ሆነው። እሑድ እሑድ ቆማ ታወጣለች። «አብዛኛውን ቀን ምንም አይሰማኝም» ትለኛለች። «ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?» ብላት፣ «እኔ ባይሰማኝም እነሱ ይቀበሉኛል፣ በዚያ ቆሜ እውላለሁ» አለችኝ። እዚያች ቦታ ላይ ግን ዛሬም ትጠብቃለች። እኔ ከቅዳሴ ስመለስ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው የማልፈው፤ መስኮታቸው ክፍት ነው። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ አጥሩ ሥር እቆምና፣ መስመሩ ሲደርስ ቀድሜ እገባለሁ። ሰው ይታዘበኝ ይሆናል፤ ይታዘበኝ።