ያልሞላሁት ቅጽ

የመጀመሪያውን ቡጢ የቀመስኩት ዲላ ሆስፒታል ነርስ ሳለሁ ነው። የቡና ለቀማው የደራበት ሰሞን ነበር። በዚያ ሰሞን ድንገተኛ ክፍላችን ሰው አያጣም፤ አንዱ ከሞተር ወድቆ፣ አንዱ በድንበር ተጣልቶ ይመጣል። የዚያን ቀን ጠዋት ከአሪቻ በኩል አንድ ወጣት በባጃጅ አመጡ። የአጎቱ ልጅ በገጀራ ከአንገቱ ሥር ትከሻውን ከፍቶታል። በፎጣ አፍነው ስላመጡት ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስል ነበር። ፎጣውን ሳነሳው ደሙ ፊቴ ላይ ፈነጠቀ።

ሐኪሙ "ደም!" አለ። የልጁ ዓይነት ደም አልነበረንም። ከሐዋሳ እስኪመጣ እኔ በሁለት እጄ ቁስሉን ተጭኜ፣ በልቤ ጌታን እየለመንኩ ጠበቅሁ። ሙቀቱ ከጣቶቼ ሥር ቀስ በቀስ ሄደ። ታላቅ ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ለምን ተውሽው?" አለኝ እጄን ሳነሳ።

"ወንድሜ፣ አርፏል" አልኩት።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የወለሉን ቅዝቃዜ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቼን ምላሴ ላይ አገኘኋቸው። ከወደቅሁም በኋላ በጫማው ጎኔን ረገጠኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው ከላዬ ያነሱት። "ደም ደብቃ ነው! ለዘመዷ አስቀምጣ ነው!" እያለ ይጮህ ነበር።

ፖሊስ ያዘው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሽማግሌዎች በዋስ አስወጥተው ቤታችን ይዘውት መጡ፤ አራቱ ከአሪቻ፣ ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያናችን። እኛ ጌዴኦ አገር ዕርቅ የሚጀምረው አጥፊው ጥፋቱን በገዛ አፉ ሲናገር ነው። ማሳመር የለም፣ ማሳጠር የለም። ሰውየው ቆመና፣ "በቡጢ መታኋት። ወድቃም ረገጥኳት። ወንድሜ እጇ ላይ ስለሞተ እሷ የገደለችው መሰለኝ" አለ።

አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው አይደለም፤ እንደ ወንድ ነበር የሚጠሩኝ። "ልጄ፣ አሁን አንተ ተናገር። ጥርሱ ያንተ ነው፣ የኛ አይደለም። ልብህ እምቢ ካለ እምቢ በል።"

"ለጌታ ብዬ ትቻለሁ" አልኩ። አፌ ገና ስላልዳነ ቃሉ እየተኮላተፈ ነው የወጣው።

እናቴ ከጓዳ፣ "ድገሚው፣ አልተሰማም!" ስትል ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከንፈሬን ይዤ እኔም ሳቅሁ።

ያ ሰው ቤተሰብ ሆነ። የእናቴን ጣሪያ ያደሰው እሱ ነው፤ እንሰት ሲፋቅ እህቶቹን ይልክልናል። ስለዚህ ይቅርታ ሰውን ሰው እንደሚያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው በኋላ ያደረግሁትን ለማቅለል አይደለም፤ ከየት እንዳመጣሁት እንዲታወቅልኝ ያህል ነው።

አገሬን የለቀቅሁት በቡጢው ምክንያት አልነበረም። ደም የማይጠበቅበት ሆስፒታል መሥራት ፈለግሁ። ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አጠናሁ፤ ፈተናውን አንዴ ወድቄ በሁለተኛው አለፍኩ፤ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ባለች አንዲት ትልቅ የወደብ ከተማ ተቀጠርኩ። ስሟን አልጽፍም፣ አሁንም እዚያው ነኝ። ስንለያይ እናቴ "ባሕሩ አጠገብ ብቻሽን እንዳትቆሚ" አለችኝ። ባሕሩ እስከ ዛሬ ምንም አላደረገኝም።

እዚህ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደም አለ። ሰዉም እንደዚያው ደሙን እያፈሰሰ ይመጣል። ደመወዝ በተከፈለ ዓርብ፣ ከቀትር ጀምሮ፣ በጠርሙስ የተተለተለ ፊት፣ በጩቤ የተከፈተ ሆድ፣ ጥይት ያለፈበት ጭን በኮሪደሩ ይሰለፋል። ሥራውን ያለማመደችኝ አንዲት የአገሩ ተወላጅ ነርስ ነበረች፤ በዕድሜ እናቴን ልታክል ምንም አልቀራት። "እህቴ፣ ስትጸልዪ ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ እዚህ ቤት ዓይኑን የጨፈነ ይመታል" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን መንጋጋዋ የተሰበረ ሴት ገባች። ባሏ በብረት ዘንግ መትቷት ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራሱ መጣ።

"ሚስቴን ልውሰድ" አለ።

መጋረጃው ፊት ቆሜ "አይቻልም" ስለው የባጄን ማንጠልጠያ አንገቴ ላይ ጠምዝዞ ከግድግዳው አጋጨኝ። ጠመዘዘ፣ ደግሞ ጠመዘዘ። ዓይኔ ሲጨልም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሴትዮዋ በታሰረ አፏ ስታቃስት ይሰማኛል። ዘበኞች ደርሰው ጎትተው ከግቢ አስወጡት።

የክፍሉ ኃላፊ አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። የተመታ ሠራተኛ ያንን ሲሞላ ነገሩ ለፖሊስ ይሄዳል፤ የመቺውም ፎቶ በር ላይ ተለጥፎ ዳግም አይገባም። "ነገ ሞልተሽ አምጪ" አለችኝ። ሴትዮዋ ገና ለሳምንታት እኛው ዘንድ ትተኛለች።

በማግስቱ ጠዋት ሰውየው እናቱን ይዞ በሩ ላይ ጠበቀኝ። አሮጊቷ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ጫማዬን ያዙ። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ "አንቄሻለሁ። ልገድልሽ ነበር። ይቅር በይኝ" አለ። በገዛ አፉ፣ ሳያሳምር። እኔ በዚያች ሰዓት የማየው እሱን አልነበረም፤ የአሪቻውን ሰው ነበር። አሮጊቷን ከመሬት አነሳኋቸው።

"ትቻለሁ" አልኩ።

ለኃላፊዋ "ምንም አልሆንኩም፣ ገፋ ነው ያደረገኝ" አልኳት፣ አንገቴን በሻርፕ ሸፍኜ። ውሸት መናገሬ እንኳ ያን ጊዜ አልተሰማኝም። ሥራ ያለማመደችኝ ነርስ፣ አሁን ጓደኛዬ፣ ሻርፑን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች።

"ቅጹን ሞላሽ?"

"ይቅር ብዬዋለሁ።"

"እኔ የጠየቅሁሽ ሌላ ነው" ብላ ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን፣ በጠያቂ ሰዓት፣ በፌስታል ዳቦ ይዞ በዋናው በር ገባ። የሚያስቆመው ወረቀት ስላልነበረ ማንም አላስቆመውም። እኔ መድኃኒት እያደልኩ ነበር። "ሰላም" አለኝ፤ "ሰላም" አልኩት፤ አልፎኝ ሄደ። ከዳቦው ሥር ጩቤ ሲያወጣ ያየችው ጓደኛዬ ናት። ሴትዮዋ ላይ ተደፋችባት። የመጀመሪያውን ምት በመዳፏ ያዘችው፤ ስለቱን ነው የያዘችው። እሱ ሳበ፣ እሷ አልለቅም አለች። ሁለተኛው ክንዷን ሰነጠቀው። ሦስተኛው በእሷ ሥር አልፎ የሴትዮዋን ጎን አገኘ።

የግሉኮስ መስቀያውን ብረት አንስቼ ጭንቅላቱን መታሁት። ከወደቀ በኋላም መታሁት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ዘበኛው "በቃ! በቃ!" እያለ ነው ብረቱን የቀማኝ። ሰውየው አልሞተም፤ ፖሊስ ወሰደው።

ሴትዮዋ ተረፈች፤ ማቀዝቀዣውን ባዶ ልናስቀረው ምንም አልቀረንም ነበር። የጓደኛዬ የቀኝ እጅ ጅማቶች ግን ተበጥሰዋል።

በማግስቱ ወደተኛችበት ክፍል ሄድኩ። አገሬ ቢሆን ሽማግሌ ይዤ እሄድ ነበር፤ እዚህ ማንም የለኝም። ብቻዬን ገብቼ አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁ።

"ተነሺ" አለችኝ። "በዚህ ወለል ላይ ምን እንደሚፈስ እያወቅሽ ትንበረከኪበታለሽ?"

"ይቅር በይኝ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

"አንገቱ ያንቺ ነበር፣ ይቅር ብትዪ መብትሽ ነው። ሚስቱ ግን ይቅር ስትዪ አልሰማችሽም። እኔም አልሰማሁሽም።"

በአገጯ ወደ መሳቢያው ጠቆመችኝ። ቅጹ እዚያ ነበር፤ የእሷ ቅጽ። "ቀኝ እጄ አይሠራም። ጻፊልኝ።"

እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ። ሰዓቱን፣ ዳቦውን፣ ጩቤውን፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ከዘጠኝ ቀን በፊት ይኸው ሰው ሌላ ነርስ አንቆ ነበር። ነርሷ አላሳወቀችም።"

እጄ ቆመ።

"'አላሳወቀችም' ነው ያልኩሽ። 'ረሳች' ብለሽ እንዳታሳምሪልኝ።"

"ስሟንም ልጻፍ?"

"ታዲያስ! ከነአባቷ።"

ጻፍኩ። እስክሪብቶውን በግራ እጇ ይዛ አጣማ ፈረመች። ከዚያ "ውኃ" አለች፤ ጭንቅላቷን ደግፌ አጠጣኋት። ወረቀቱንም ይዤ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄድኩ። ይቅር ብላኝ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።