ከጉድጓድ አፍ የማይነሡት ወይዘሮ ፈንታዬ

ወይዘሮ ፈንታዬና ባለቤታቸው አቶ ሰማው የቢቸና ሰዎች ናቸው፤ የውኃ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ አቶ ሰማው ይቆፍራሉ፣ ወይዘሮ ፈንታዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። አፈሩን የሚያወጡት ሌሎች ናቸው። እሳቸው ከባላቸው ወገብ ጋር የታሰረውን ቀጭን ገመድ ይዘው አፍጥጠው ይውላሉ። አቶ ሰማው ዓይናቸው ደክሟል። ገመዱ ሁለቴ ከተሳበ ግን ለምን ሳይሉ ይወጣሉ።

እኔ ሞጣ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጎቢ ስለምትባል ትንሽ የባሕር ዓሣ አስተምራለሁ። ሽሪምፕ ከሚባል ቅርፊታም ትንሽ የባሕር እንስሳ ጋር በአንድ ጉድጓድ ትኖራለች። ሽሪምፑ ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል፣ ግን እምብዛም አያይም። እሷ አንዲት ጠጠር አታነሣም፤ በር ላይ ሆና ትጠብቃለች። እሱም በረጅሙ መዳሰሻው፣ በአንቴናው፣ እንደነካት ነው የሚሠራው፤ ጭራዋን ስታወዛውዝ ሮጦ ይገባል። ተማሪዎቼ «ሰነፍ ናት!» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አከራዬ አቶ አካለ ወልድ ዘንድሮ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ የአፈር ማንሻ ሞተር ገዙና አቶ ሰማውን ብቻቸውን አስጠሩ። «ሴትዮዋ ለመቀመጥ ብለው ከቢቸና ድረስ ምን ያደክማቸዋል?» አሉ። ነገሩ ልክ መስሎኝ ዝም አልሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አቶ ሰማው በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሜትር ወረዱ። በሁለተኛው ቀን ከላይ የሚያያቸው እንዳለ ለማወቅ የሞተሩን ገመድ በየደቂቃው ይጎትቱ ጀመር፤ ሞተር ደግሞ መልስ አይሰጥም። ወጡና አፈራቸውን አራግፈው፣ «ፈንታዬ ካልመጣች ከዚህ ወዲያ አልወርድም። ቢደረመስብኝ ማን ያየኛል?» አሉ። አከራዬ እያጉረመረሙ ደወሉ።

ወይዘሮ ፈንታዬ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። ባላቸው ወረዱ። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ እሳቸው የሚጠብቁት ያንን ስንጥቅ ነው። ብዙም ሳይቆዩ ገመዱን ሁለቴ ሳቡ። አቶ ሰማው ዶማቸውን እዚያው ጥለው ወጡ።

«አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?» አሉ አከራዬ።

አፋቸውን ሳይዘጉ የጉድጓዱ አንድ ጎን ተናደና ዶማውን ቀበረው።

አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርሁት ትምህርት ያን ጊዜ ገባኝ። ወይዘሮ ፈንታዬ ባላቸውን ከራስ እስከ እግር አይተው፣ «ነገ ከዚያ ማዶ እንጀምራለን፤ መሬቱ ጠንካራ ነው» አሉ።

አቶ አካለ ወልድ በማግስቱ ጠዋት የሳሎናቸውን ባለመደገፊያ ወንበር ራሳቸው ተሸክመው አዲሱ ጉድጓድ አጠገብ አስቀመጡ።

«እዚህ ይቀመጡልኝ፣ ወይዘሮ ፈንታዬ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ከወንበር ላይ ግን ታቹ አይታየኝም» አሉና መሬት ላይ ቁጭ ብለው ገመዱን ያዙ።