ደረቁ ጠላቂ

ባለፈው እሑድ ወረታ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ዳሱ ውስጥ አንድ ሸበቶ ሰውዬ የኮቱን እጅጌ ሰብስቦ፣ እጁ ላይ ያሰረውን ትልቅ ጥቁር ሰዓት ለወጣቶች ያሳያል። «ጣና ውስጥ ስጠልቅ በዚህ ነበር» ይላል። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ ቻላቸው ምርኩዙን ጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ይበላል።

ሰውዬውን አወቅሁት። ሰዓቱንም አወቅሁት፤ የቻላቸው ነው።

ነገሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈት ነበርሁ። ለፎገራው ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ማሳ የሚሆን የውኃ መሳቢያ ሞተር የጫነ ጀልባ ጣና መሐል ሰጠመ። እሱን ለማውጣት ቻላቸው ጠላቂ፣ እኔ ገመድ ያዥ ሆነን ተቀጠርን። አለቃችን ይኸው ሰውዬ ነበር። እግሩን ውኃ ሳይነካው ስለ ውኃ ሲያወራ ስለሚውል «ደረቁ ጠላቂ» እንለው ነበር።

ሰዓት አልሁት እንጂ ሰዓት አይደለም፤ የጠላቂ ኮምፒውተር ነው። ቀረሶ ዓሣ ጠብሰን በሩዝ እንጀራ ስንበላ ቻላቸው አስረድቶኛል። ጠላቂ ከታች፣ በውኃው ግፊት ሲተነፍስ፣ አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ ይሰርጋል። ሲወጣ ደግሞ ቀስ እያለ በትንፋሽ መራገፍ አለበት፤ ከተጣደፈ ሥጋ ውስጥ አረፋ ይሆናል። «እንደ ፎገራ መሬት ነው» አለኝ። «አሸዋማው ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። መረሬው ጥቁር አፈር ግን ላዩ ደርቆ ታየዋለህ፤ በሬህን ስታስገባ ይውጥብሃል።» ደም ቶሎ ያራግፋል፣ መገጣጠሚያ ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ሥጋ ውስጥ ገብቶ አያይም። የወረድህበትን ጥልቀትና የቆየህበትን ጊዜ ይዞ፣ ሰውነትህን እንደ ማሳ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ያሰላል። ስለዚህ የሚያውቀው ያሰረውን ሰው ብቻ ነው።

ሞተሩ በሚወጣበት ቀን እንግዶች መጡ። ደረቁ ጠላቂ «ለፎቶ ነው» ብሎ ኮምፒውተሩን ከቻላቸው እጅ አስፈትቶ ራሱ አሰረው። ቻላቸው ለምን ዝም አለ? ቋሚ ቅጥር ቃል ተገብቶለት ነበራ! ሞተሩን የሚያስርበት ገመድ እየሾለከበት ደጋግሞ ወረደ። ሰውዬው ጀልባ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

ሞተሩ እንደ ወጣ ሰውዬው ቻላቸውን «ደብረ ታቦር ግብዣ አለ፤ ና፣ ቅጥርህን እዚያው አስጨርስልሃለሁ» አለው።

«ዛሬ ዳገት ባልወጣ ይሻላል ጌታዬ። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ውስጤ ያለው ገና አልወጣም።»

«መኪና እኮ ነው! አውሮፕላን መሰለህ እንዴ?» ኮምፒውተሩን ዓይናችን ሥር ደቀነው። «ይኸው፣ ምንም የለብህም ይላል!»

«ኧረ ጌታዬ፣ እሱ የሚለው እርስዎን ነው! እርስዎ ደግሞ ጀልባ ላይ ነበሩ» አልሁ።

«አንተ ገመድህን ያዝ!»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ይህ ግን የሚለቀልቀው በሰው ሕይወት ነበር።

ቻላቸው ቅጥሩን አሰበና መኪናው ውስጥ ገባ። ዓለም በር ከተማን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ትከሻውን ጨምድዶ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ «እግሬ የለም» አለ። ደረቁ ጠላቂ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ «ብርድ ነው፤ አረቄ ሲቀምስ ይለቀዋል» አለን። ሹፌሩን ለምኜ መኪናውን ሳስመልስ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወርዶ ከኋላ የሚመጡት እንግዶች መኪና ላይ ተሳፈረ። የግብዣው ጥሬ ሥጋ እንዳያመልጠው! ኮምፒውተሩንም እንዳሰረ ሄደ።

ወደ ሜዳው ስንወርድ ሕመሙ ረገብ አለ፤ ወረታ ሐኪም ቤት ስንደርስ ኦክስጅን ሰጡት። ነፍሱ ተረፈች። ግራ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ቋሚ ቅጥሩም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ከሰርጉ ዳስ ልንወጣ ስንል ሰውዬው ቻላቸውን አላወቀውም። ምርኩዙን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«ወንድሜ፣ እግርህን ምን አገኘው?»

ቻላቸው ትክ ብሎ አየው። «ብርድ» አለው።

«አዬ! የፎገራ ብርድ ክፉ ነው» ብሎ አረቄ ቀዳለት።

ቻላቸው መለኪያውን ሳይነካ ምርኩዙን አነሳ። እኔ ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ ባትሪው ካለቀ ዘመን ሆኖታል። ኮምፒውተሩስ ያን ቀን አልዋሸም፤ ያሰረኝ ሰው ውኃ አልገባም ነው ያለው። ሰውዬው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይጠልቃል።