ቆዳዬና የአባቴ ጎተራ

ልጅ እያለሁ የበላሁት ነው እስከ ዛሬ ያቆመኝ የሚል እኩያዬ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ማርቆስ ውስጥ እንዲህ የሚል ሽማግሌ ሞልቷል። ወተቱ፣ ማሩ፣ ቅቤው እያለ ምራቁን ይውጣል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ቁይ አጠገብ ነው። ወተቱም ቅቤውም ነበረ። ማን በላው? እስቲ እውነቱን እናውራ።

እኛ ቤት ልጅ ቆሞ ያሳልፍ ነበር። አዋቂ ሲበላ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዘን ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን። የወጡ ሽታ አፍንጫችን ሥር ያልፋል፤ እነሱ ሲነሱ ትራፊው ለእኛ ነው። ትራፊ ማለት ወጥ ዳሩን የነካው እንጀራ ነው። ቅቤው በቅል ሆኖ ገበያ ይወርዳል፤ ከቀረም ለእንግዳና ለፀጉር ነው። እንቁላል የጠየቀ ልጅ ደግሞ «ከእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ይተረትበታል። ያ እንቁላል በመስረቅ ጀምሮ መጨረሻው ገመድ የሆነው ሌባ ነዋ! እናቴ ተረቱን ገልብጣ፣ እንቁላል የቀመሰ ልጅ ሁሉ ሌባ ይወጣዋል ብላ ታምን ነበር። ጎመንማ ስሙም አይነሣ። አባቴ፣ ስሙ እንዳለው ነው፣ ባለ ጎተራ ተብሎ የሚከበር ሰው ስለነበር፣ ጎመን የሚቀቀልበት ቤት እህል ያለቀበት ቤት ነው ብሎ ጓሮው ውስጥ እንኳ አላስተከለም። «ጎመን በጤና» ብሎ ለመተረት ግን ማንም አይቀድመውም።

ቆዳዬ የተበላሸው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ክንዴና ጭኔ እንደ ሞረድ ሻከረ። ቀጥሎ ተሰነጣጠቀ፤ አፌ ዳር ተላጠ፤ ያከክሁት ሁሉ ቆሰለ። ልጆች ስሜን ትተው «ጉርጥ» አሉኝ። ምንጭ ስወርድ ከሩቅ አይተውኝ «ጉርጥ መጣ፣ ሳይገባበት ቶሎ ቅዱ!» ይላሉ። ገና ጨዋታው ሲጀመር ነው የምባረረው፤ እጄን ይዞ የሚዞር ልጅ አልነበረማ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልሁት ሌላ ነው። ከቤታችን ማዶ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ ድምፃቸው እስከ ደጃችን ይሰማል። መስከረም ሲጠባ አባቴን ለምኜ፣ አልቅሼ ወሰደኝ። አስተማሪው በእጁ ሊነካኝ አልፈለገም፤ በማስመሪያው ጫፍ እጄን ገለበጠና «አያ እንዳለው፣ ይኼ ነገር ሌሎቹ ላይ ይጋባል። ሲሽር አምጡት» አለ። ያን ቀን ነገሩ ቁርጥ ሆነ። ቆዳዬ ካልዳነ ፊደል የሚባል ነገር የለም።

አባቴ ጠበል ወሰደኝ። ጠበሉን አልወቅስም፤ ሃይማኖቴ ነው። የምወቅሰው አባቴን ነው። እዚያ የነበሩት ቄስ «ልጅ ነው፣ የሚቀምሰው ይሰጠው» ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ሥጋው ካልተጎሳቆለ የያዘው አይለቀውም ብሎ ከሽምብራ ቆሎና ከውኃ በቀር ከለከለኝ። ለቆዳዬ ብሎ ምግቤን ለወጠልኝ፤ ከትራፊ ወደ ቆሎ! ጠዋት ጠዋት የበረዶ ያህል የሚቀዘቅዝ ውኃ ቁስሌ ላይ ሲወርድ እጮኻለሁ። በጮኽሁ ቁጥር በዙሪያዬ የቆሙት «ለፈለፈ! ለፈለፈ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ምን ልለፍልፍ? አመመኝ ነው ያልሁት። ከገባሁበት ብሶብኝ፣ ጉንጬ ገብቶ፣ ዓይኔ ጎድጉዶ ተመለስሁ።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ቤታችን ዝክር ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ጥሩ፣ ከጉንደ ወይን መጣች። መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። እንደ ልማዴ ውኃ ይዤ ስዞር አንዱ እንግዳ እጁን ሰብስቦ «ሌላ ልጅ ያስታጥበኝ» አለ። አክስቴ ተነሥታ ክንዴን ያዘችኝ፤ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበችው።

«ወንድምዓለም፣ ይኼ ልጅ የሚበላው ነው ያጣ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ቤት? ጎተራዬን አላየሽም እንዴ?»

«ጎተራህን ምን አደርገዋለሁ? የልጅህን ክንድ ነው ያየሁት።»

አባቴ ልጁ ሰይጣን ይዞታል፣ ቁምጥና ጀምሮታል ቢባል ይሻለው ነበር። ተርቧል መባሉን ግን አልቻለውም። «ውሰጅው! ወስደሽ አሳዪኛ!» አለ።

ወሰደችኝ። የጉንደ ወይን ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የመኪና ናፍጣ፣ የተቁላላ ሽንኩርት፣ ጠዋት የሚፈላ ወተት። አክስቴ መድኃኒት አልቀባችኝም። ወተት ሰጠችኝ። ጎመን በዘይት አብስላ ሰጠችኝ። እንቁላል ቀቅላ ራሷ ላጠችልኝ፤ ሌባ እሆናለሁ ብዬ ብፈራ ሳቀች። «ሰርቀህ ከምትበላ ሰጥቼህ ብትበላ አይሻልም? ብላ አንተ! ቆዳ የሚለበሰው ከውስጥ ነው።» ጠረጴዛ ላይ ከሾፌሮቹ እኩል አስቀመጠችኝ። ቁጭ ብዬ ትኩስ ምግብ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር።

በጋው ሲያልቅ ቁስሉ ጠገገ፤ ሞረዱ ረገፈ። ክረምት ሲወጣ ክንዴን ስዳብሰው የሌላ ሰው መሰለኝ። አክስቴ ቁምጣ አሰፋችልኝ፤ እዚያው ጉንደ ወይን ልታስመዘግበኝ ቀን ቆረጠች። ይኼን ጊዜ አባቴ መጣ። አላቀፈኝም። ትከሻዬን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና ሳቀ፤ «ጎሽ! ለእርሻ ደርሷል!»

«ትምህርት ቤት ላስገባው ነው፣ ወንድምዓለም።»

«አብልተሽ ስታበቂ ያንቺ ሊሆን ነው?»

አክስቴ ለመነችው፣ ሰደበችው፣ በመጨረሻ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። አባት ነው፤ ማን ይከለክለዋል? ስታመም ለቆዳዬ ሲባል ከትምህርት ቀረሁ፤ ስድን ለጉልበቴ ሲባል ቀረሁ። መንደር ስንደርስ ደግሞ አባቴ ለጠየቀው ሁሉ «ሽምብራው ነው ያዳነው» እያለ አወራ። እስኪሞት ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ሀ ሁ ያልሁት ሪዜ ከወጣ፣ ልጅ ከወለድሁ በኋላ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። ይኼን ጽሑፍ የምጽፍባት ፊደል በግድ የተገኘች ናት። ስለዚህ የድሮ ምግብ፣ የድሮ አባት እያላችሁ አታልቅሱብኝ።

አሁን የመጨረሻ ልጄ ብጉር አውጥታለች። ሰሞኑን ወተት አልጠጣም አለች።

«ምነው?»

«ለፊቴ ነው፣ አባዬ። ወተት ብጉር ያበዛል ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ስልክ ላይ ነዋ።»

ጮኽሁባት። ወተት፣ እኮ ወተት! እሷ እቴ፣ ምንም አልመሰላት። ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ካሳዘነህ አንተ ጠጣልኝ» ብላኝ ቦርሳዋን አነሣች። እየተናደድሁ ጠጣሁት፤ ይጣፍጣል።

በዚያው ተከትያት ወጣሁ። ትምህርት ቤቷ ስንቃረብ ደወሉ ተደውሏል፤ እሷ ግን ገና አገጯ ላይ የወጣውን አዲስ ብጉር እየነካካች ትጎተታለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከሩቅ አያት፤ ፊቷን ልብ አላለውም። «አንቺ ልጅ፣ ረፍዷል! ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ!» ብሎ ጮኸባት።

ግቢ አላት። እኔን በዚያ ዕድሜዬ ግባ ብሎ የጮኸብኝ ሰው አልነበረም።