ሮቦት ኢቃማ አይጠየቅም

ሮቦቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። የምሠራላት የማዳሜ ልጆች ሰልችቷቸው ሊጣል ሲል ለምኜ ወሰድኩትና ዛሂር ሰፈር ወዳለችው ክፍላችን በሻርፕ ሸፍኜ አስገባሁት። ኡስታዝ ሙራድን ያባረርኳቸው ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ኡስታዝ የወሎ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ከተራራ ተራራ ሰው ለመጣራት የተሠራ ነው። በዚያ በአፈሳው ዓመት ግን፣ መካ ላይ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሰባት ልጆቻችንን በሹክሹክታ ማስተማር ዕጣቸው ሆነ። ጎረቤት ከሰማ ለሹርጣ፣ ለፖሊስ፣ ይናገራላ! «ሀ» ሲሉ የአንገታቸው ሥር ይገተራል፤ ልጆቹም በሹክሹክታ ይቀበሏቸዋል።

እኔ ብልጧ ወላጆቹን ሰብስቤ፣ «ልጆቹን ሮቦቱ ያስተምራቸው። ሮቦት ኢቃማ አይጠየቅም፤ አይበላም። ቢገኝም አሻንጉሊት ነው። አስተማሪ ከተገኘ ግን ኸላስ፣ ሁላችንም አለቅን» አልኳቸው። ተስማሙ። ኡስታዝ የሚያድሩት እዚያው ክፍል ነበርና ሐሙስ እንዲወጡ ተቆረጠ። ውጭ ሰው እየታፈሰ ወዴት እንደሚሄዱ ማናችንም አልጠየቅንም። እስካሁን ያሳፍረኛል።

«ኸይር ነው» አሉና ጓዛቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

ሮቦቱ ረቡዕ ሥራ ገባ። በዓረብኛ ይጠይቃል፣ ዓይኑን ያበራል። ልጄ ሚስከር ሁለትና ሁለት ሰባት ነው ብትለው «ሙምታዝ!» አላት፤ ግሩም ነው ማለቱ ነው። ሐሚድ መልሱ ጠፍቶት ቢያስነጥስ፣ አሁንም «ሙምታዝ!» ዝም ካሉት ደግሞ «ድምፅህን ከፍ አድርግ!» ይላል።

ኡስታዝ ከጥግ ሆነው፣ «አንቺ ዘቢደር፣ ይሄማ ደላላ እንጂ አስተማሪ አይደለም» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ የሕንፃው በር ተደበደበ። ሹርጣ! ልጆቹ ኡስታዝ እንዳስለመዷቸው ጭጭ አሉ። ሮቦቱ ግን ዝምታ አያውቅም።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ!»

ማጥፊያውን ብጫን፣ ብጫን፣ እንቢ። የጫማ ኮቴ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። «ድምፅህን ከፍ አድርግ!» ኡስታዝ የጠቀለሉትን ብርድ ልብስ ፈቱ፤ ሮቦቱን ጀቦኑትና ቁጭ አሉበት። ከሥራቸው ሆኖ ያጉረመርማል። ሚስከር ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዓይናቸውን አፈጠጡባት፤ ሳቋን ዋጠች። ኮቴው በራችንን አልፎ ወደ ላይ ሄደ።

«ኡስታዝ፣ አይሂዱብን» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«አሁንማ ብነሳ ይጮኻል» አሉኝ።

በወሩ ተደብቆ መኖሩ መረረንና ሁላችንም እጃችንን ሰጠን። ወደ አገር እስክንሳፈር በቆየንበት ማቆያ፣ ኡስታዝ ልጆቹን መሬት ላይ ደርድረው «ሀ በሉ» አሏቸው። ልጆቹ እንደለመዱት በሹክሹክታ «ሀ» አሉ።

ኡስታዝ ዘበኞቹን አዩ፣ አጥሩን አዩ። ከዚህ ወዲያ ማን ሊይዘን!

«ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ!» ብለው ሲጮኹ ማቆያው በሙሉ ዞሮ አየን።

ሚስከርም በሙሉ ድምፅዋ፣ «ሁለትና ሁለት ሰባት!» አለች።

«ስሕተት!» አሉ ኡስታዝ፣ ከእሷ በላይ ጮኸው።