ከባሏ ቀብድ የጠየቀችው ዘሪቱ

አርባ ምንጭ አጠገብ ካለችው ጫኖ መጥታችሁ ዘሪቱ የት ናት ብትሉ «የትኛዋ ዘሪቱ?» ትባላላችሁ። ዘሪቱ ቀብድ ካላችሁ ግን ባጃጁ ሌላ ሳይጠይቅ በሯ ላይ ያወርዳችኋል። ስሙን ያወጡላት የሙዝ ነጋዴዎች ናቸው። እሷም ሰምታ አልተቆጣችም፤ «ስም ያውጡ፣ ብቻ ይክፈሉ» አለች። እኔ ከግቢዋ ፊት ለፊት ምስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ሲሚንቶ ከተወደደ ወዲህ ቤት የሚሠራ ሰው ስለጠፋ፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ የሰው ኑሮ ስመለከት እውላለሁ። ፈልጌው አይደለም፤ ወንበሬ ወደዚያ ስለሚያይ ነው።

ዘሪቱ የራሷ የሙዝ ማሳ አላት። የጎረቤቶቿንም ሙዝ ሰብስባ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ለሚመጡ ነጋዴዎች ታስጭናለች። ሕጓ አንድ ነው፤ ቀብድ ሳይገባ ቢላዋ አይነሳም። የዋጋው ግማሽ ባንክ መግባቱን ስልኳ ላይ ካላየች አይሱዙው በሯ ላይ ቆሞ ቢያድር ደንታ የላትም። ሌላው ሰብሳቢ መኪና ሲያይ ሮጦ ያስቆርጣል። ነጋዴውም ይህን ያውቃል። ሙዙ ተቆርጦ መሬት ላይ እስኪከመር ዝም ይልና ከዚያ በኋላ «ገበያው ወርዷል» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። ገበሬው ምን ያደርጋል? የተቆረጠ ዘለላ ተመልሶ ግንዱ ላይ አይሰቀልም። እያጉረመረመ በተባለው ዋጋ ይሸጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ይደግማል። ዘሪቱ ግን አትደግምም።

ይህን ሕጓን ለማንም አታጥፍም። የቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን መሪ ለሠርጉ ሙዝ ቢያዛት ቀብድ ጠይቃዋለች። በሠርጉ ቀን የሰጠችው ስጦታ ከሙዙ ዋጋ በእጅጉ ይበልጥ ነበር፤ ስጦታ ሌላ ንግድ ሌላ ባይ ናት። ሰው ግን ስጦታውን ረስቶ እስከ ዛሬ ቀብዱን ያወራል። እኔ ከሰው ወሬ ጋር መሟገት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። የመጀመሪያ ባሏ ደበሌ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ የልብስ ሱቅ ነበረው። እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነበር። ወዳጁ ከባንክ ሲበደር ከአባቱ የወረሰውን ቤት አስይዞ ዋስ ሆነለት። ለሚስቱ አልነገራትም። ሊደብቃት አስቦ ሳይሆን፣ ሚስት ጋር የሚደርስ ጉዳይ መሆኑ ስላልታየው ነው። ወዳጁ ዕዳውን ትቶ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ቤቱም በሐራጅ ተሸጠ። ደበሌ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሐኪሞቹ ጉበት ነው ብለዋል፤ እኔ ሀፍረት ነው እላለሁ። ዘሪቱ ልጇን ሄራንን አንጠልጥላ ጫኖ ወደ ወላጆቿ ማሳ ተመለሰች። ስለ ደበሌ ክፉ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ደግ ነበር» ትላለች፣ ሌላ ሰው «ወባ ነበረበት» በሚልበት ድምፅ።

ሄራን አድጋ ሐዋሳ ትምህርት ከገባች በኋላ ጌታነህ መጣ። የምዕራብ ዓባያ ሰው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአጎቱ ልጅ ጋር በሽርክና የገዛው አይሱዙ የነበረው። የኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየጫነ ወደ ሻሸመኔ ይወስድ ነበር። ሳቂታ ነው። ማሳ ውስጥ ዝንጀሮ ሲያባርር እንኳ ቆሞ ከዝንጀሮው ጋር ይከራከራል። ዘሪቱ ስትስቅ መጀመሪያ የሰማሁት በሱ ነው፤ አንድ ቀን ከሱቄ ብድግ ብዬ ማነው የሳቀው ብዬ አይቻለሁ።

ላግባሽ ሲላት፣ በውል ከሆነ አለችው። ማሳውና ቤቱ የግሏ፣ የመኪናው ድርሻ የግሉ፣ አንዱ ሌላውን ዋስ እንዲሆን ላይጠይቅ። ለሽምግልና የመጡት ሰዎች ጋብቻ ሊያስጀምሩ ይሁን ፍቺ ሊያስጨርሱ ግራ ገባቸው። ጌታነህ ግን «ፊርማ እጅ አያሳምም» ብሎ ፈረመና ተጋቡ። ደስ ብሏቸው ኖሩ፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። እሱ ዓሣ ይዞ ይመጣል፣ እሷ እየተቆጣች ትጠብሳለች፣ ተያይዘው ይስቃሉ። አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም ነበር፤ እርስ በርስ አይነግዱም። እሷ የምትሸጠው ለሌላ፣ እሱ የሚጭነው ከሌላ።

ከዚያ የጅቡቲው ነገር መጣ። ጅቡቲ ያለ አንድ ፍራፍሬ አስመጪ ለረመዳን ሙዝ ይፈልጋል ተባለ። ዋጋው አዲስ አበባ ከሚከፈለው እጅግ ይሻላል፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የላኪነት ፈቃድ ያለው ሰው አዲስ አበባ ተገኘ። ችግሩ አስመጪው አስቀድሞ ሳንቲም አይልክም፤ የሚከፍለው ሙዙ እጁ ገብቶ ካየው በኋላ ነው። ትልልቆቹ ላኪዎች ባንክ ለባንክ ተያይዘው ይነግዳሉ፤ ለአንድ አይሱዙ ሙዝ እንዲህ ዓይነት ዋስትና የሚከፍት ማነው? ጌታነህ ሙዙን ከሚስቱ ፈለገ። የሷ ሙዝ ጥሩ ነው፣ ጎረቤቶቿም በሷ ቃል ይቆርጣሉ።

«ቀብድ» አለችው።

መጀመሪያ ሳቀ። እንደማትቀልድ ሲገባው መሳቁን ተወ። ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ከረሙና ጌታነህ እኔንና አጵሎስን ጠራን። አጵሎስ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፤ እኔ ደግሞ ተዋሕዶ ነኝ፣ ግን ጎረቤት ስለሆንኩ ጋሽ ወልደሥላሴ ይቀመጥ ተባለ። ጉልበቴ እያመመኝ ተቀመጥኩ። አጵሎስ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ብሎ ጀመረና ረዘም አድርጎ ተናገረ። ዘሪቱ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ሲጨርስ፣ የተናገረው ሁሉ ልክ መሆኑን፣ ቀብዱ ግን እንዳልቀረ ነገረችው።

ጌታነህ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ። «ከሌላ ሰው ስትጠይቂ ደስ ይለኛል፤ ብልህ ሴት አገባሁ እላለሁ። ከእኔ ስትጠይቂ ግን እኔ የማን ወገን ነኝ? ከነጋዴዎቹ ጋር ነው የቆጠርሽኝ?»

«ሰውየውን አላውቀውም» አለች ዘሪቱ። «አንተም አታውቀውም። ሁለታችንም አብረን ከወደቅን ማን ያነሳናል? አንዳችን መቆም አለብን።»

«እኔ ልውደቅ ነው የምትይው።»

«እንዲያ አላልኩም።»

«አላልሽም» አለ ጌታነህ። «ግን እንዲያ ነው።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሽምግልና ተቀምጬ እንደዚያን ቀን የደከመኝ ጊዜ የለም፤ አንዱ አጥፊ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቅ ብለን፣ መርቀን እንገባ ነበር። አጵሎስ ጸሎት አደረገና ወጣን። በመንገድ ላይ እሷን ሲወቅስ እኔ ደግሞ በሱ ተበሳጨሁ። የደበሌ ቤት ሲሸጥ ይህ ሰው የት ነበር?

ጌታነህ የመኪናውን ድርሻ ለአጎቱ ልጅ ሸጦ ቀብዱን አስገባ። መልእክቱ ስልኳ ላይ ሲገባ ዘሪቱ ማሳው ዳር ቆማ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችውና ቁረጡ አለች። ያን ቀን ዘለላውን እየዞረች ራሷ መረጠች። ሙዙ በመንገድ እንዳይቀጠቀጥ ሌላ ጊዜ ከምታስነጥፈው እጥፍ ቅጠል አስነጠፈች። ለጎረቤቶቿ ሙሉ ሒሳባቸውን ከራሷ ቁጠባ ከፈለች። ጌታነህ በተከራየው መኪና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ሄደ፤ መስኮቱ ላይ ሆኖ እጁን ለኔም ለሷም አወዛወዘ።

ድንበር ላይ አንድ ወረቀት ቀኑ አልፎበታል ተብሎ መኪናው ቆመ። አዲስ ወረቀት እስኪመጣ ሙዙ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከረመ። አረንጓዴ ሆኖ የወጣው ሙዝ ጅቡቲ ሲገባ ቢጫ ሆኖ፣ ገሚሱም ጠቁሮ ነበር። አስመጪው ለጭማቂ ካልሆነ አይሆነኝም ብሎ የመኪና ኪራዩን እንኳ የማይሸፍን ገንዘብ ሰጠው። ጌታነህ ቢከራከርም የሰው አገር ነው፣ ሙዙም በየሰዓቱ እየበሰበሰ ነው። ተቀብሎ በአውቶቡስ ተመለሰ። ከአስፋልቱ ወርዶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲመጣ አይቼ ሱቄ ውስጥ ገባሁ። ሰላም ልለው አቃተኝ።

ዘሪቱ ያን ቀን ምንም አልጠየቀችውም። ታጠበ፣ በላ፣ ተኛ። በማግሥቱ ቀሪውን ግማሽ ተወው አለችው። ቀብዱንም አልነካሁትም፣ እንዳለ ባንክ ነው፣ ወስደህ የመኪናህን ድርሻ አስመልስ አለችው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ለዚህ ነበር የጠየቀችው፤ ከወደቀ የሚነሳበት እንዲኖረው።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» ብሏታል።

«ብነግርህ ኖሮ ቀብዱንም ጭነህ ትሄድ ነበር።»

ይህን መልስ ባትመልስ ይሻል ነበር። እውነት መሆኑን እሱም ያውቃል፤ እውነት ስለሆነም ነው የከበደው። ገንዘቡን አልወስድም አለ። የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። ከሻሸመኔ በተመለሰ ቁጥር ያገኘውን ገንዘብ ሙዝ በምትመዝንበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ተው አለችው፤ ተቆጣች፤ አንድ ቀንም እኔ ፊት አለቀሰች። እሱ ግን ውል ውል ነው ይላታል እንጂ ሌላ አይወጣውም።

እንዲህ እያለ «እርስዎ» ማለት ጀመረ። እዚህ አገር እርስዎ ብዙም አይሰማም። የገበያው አማርኛችን አንተና አንቺ ነው፤ የቢሮ ኃላፊውንም አንተ እንላለን፣ ኃላፊውም አይከፋውም። እርስዎ ለቄስ ነው፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ትልቅ ሰው ነው። ጌታነህ አንድ ጠዋት ሚስቱን «ደኅና አደሩ?» አላት። ዘሪቱ ቀልድ መስሏት ሳቁን ጠበቀች። ሳቁ አልመጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ቁጣው ያልፋል ትል ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ቁጣ የለም። አክብሮ ነው የሚናገራት።

የመጨረሻውን ክፍያ ያመጣ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ገበሬዎቹ ተሰልፈዋል፣ ዘሪቱ ሚዛኑ ሥር ተቀምጣለች። ጌታነህ ተራውን ጠብቆ ቀረበና ገንዘቡን አስቀመጠ።

«ወይዘሮ ዘሪቱ» አለ፤ «በእኔ በኩል ሒሳቡ አልቋል። ደረሰኝ ይጻፉልኝ።»

ዘሪቱ ቀና ብላ አየችው። አንድ ነገር የምትናገር መስሎኝ ነበር፤ ደረሰኙን ሳበችና ጻፈች። ሁለቴ ሰረዘች። ጌታነህ ተቀብሎ አነበበው፣ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ አመሰገናት። ከኋላው ተራ ይጠብቅ የነበረውን ሽማግሌ ዘለላውን ሚዛን ላይ እንዲያወጣ አገዘውና ሄደ።

ትቷት ይሄዳል ያሉ ነበሩ። አልሄደም። ጣሪያው ሲያፈስ ምስማር ከኔ ገዝቶ ራሱ ወጥቶ መታው። ሄራን ስትደውል በስልክ ያስቃታል፤ ያ ሳቅ ከሱቄ ይሰማል። ለሚስቱ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። አጵሎስ እናስታርቃቸው ብሎኝ ነበር። ማን ማንን ስለበደለ ነው የምናስታርቀው አልኩት። ማሳዋ አለ፣ ቤቷ አለ፣ ቀብዱም ቀሪውም ባንክ ተቀምጧል፤ በዚያ ሁሉ መከራ ከዘሪቱ እጅ አንድ ነገር አልጎደለም።

ባለፈው ሰኞ የበር ማጠፊያ ልትገዛ ሱቄ ገባች። ማጠፊያውን ይዛ፣ ዋጋውን ከፍላ፣ አልወጣችም። እዚያው አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። አርጅታለች፤ እኔም ምስማር ስለይ ቆየሁ።

«ትናንት የበቆሎ ኩርኩፋ በሀላኮ ቅጠል ሠራሁለት፤ ይወደዋል» አለችኝ። «አቀረብኩና እስኪጀምር ጠበቅኩት። ‹እርስዎ ይጀምሩ› አለኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ጀመርኩ» አለች ዘሪቱ። «ምን ላድርግ፤ ርቦኝ ነበር።»